እምቦጭና የእጥፍ ስሌት

እምቦጭ የትውልድ ሥፍራው የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ መኖሩ ታወቀ። አበባው ቢያምርም የውኃውን ብርሃንና ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የታንኳ መንገድና የዓሣ ማጥመጃ ሥፍራ ይዘጋል።

ኃይሉ ያለው ከአረባቡ ላይ ነው። ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር የሸፈነ እምቦጭ እንውሰድ። ሃያ ጊዜ እጥፍ ቢሆን፣ ማለትም በ40 ሳምንት፣ 1,048,576 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህም ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ምግብና ሥፍራ ሲያጥረው ፍጥነቱ እንደሚቀንስ እሙን ነው። ሆኖም ግማሹ የተሸፈነ ኩሬ ለመሙላት የሚቀረው አንድ እጥፍ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። የሀዲያንና የከምባታን ውኃ ይዞ የሚወርደው ብላቴ ወንዝ አባያ ሐይቅ ይገባል፤ ለአበባው ሲባል በኩሬ የተተከለ እምቦጭም በጎርፍ አብሮ ሊወርድ ይችላል። ዘሩ በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ተክል ብናይ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ ነቅለን ከውኃ ርቆ እናድርቀው፤ ሁለት ሳምንት ብንዘገይ ሥራው እጥፍ ሆኖ ይጠብቀናል።