ስለ አውቶሞቢል አደጋና ስለ ነፍሰ ጡር ሴት

በአውቶሞቢል ግጭት ጊዜ ነፍሰ ጡር ሴት ቁስል ስላልታየባት ብቻ ደኅና ናት ብሎ ወደ ቤቷ መስደድ አይገባም። ማኅፀን ሲገፋ ይለጠጣል፤ የእንግዴ ልጁ ግን እንደ እርሱ ስለማይለጠጥ ከግድግዳው ሊላቀቅ ይችላል። ያን ጊዜ ለፅንሱ የሚደርሰው ደም ይጓደላል፤ የእናቲቱም ደም በውጭ ሳይታይ በውስጥ ሊፈስ ይችላል።

ስለዚህ እርግዝናዋ አምስት ወር ገደማ የደረሰ ሴት ሕመም ባይሰማትም ወደ ሐኪም ቤት ተወስዳ የፅንሱ የልብ ትርታ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ሊጠበቅ ይገባል። ደም መፍሰስ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም መጠንከር፣ የፅንሱም እንቅስቃሴ መቀነስ ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች ናቸው።

በጉዞ ጊዜ የወንበሩ ቀበቶ የታችኛው ክፍል ከሆድ በታች በዳሌ አጥንት ላይ፣ የላይኛውም በጡቶች መካከል አልፎ በሆድ ጎን ይሁን። ሾፌሮችና የፖሊስ ባልደረቦችም በአደጋው ስፍራ ሁለት ነፍስ መኖሩን እንዲያስታውሱ ይገባል።