ፈርኔሎና ፈርነስ፦ ሙቀቱ ይግባ፣ ጭሱ ይውጣ



ቡና ሲፈላ ጀበናው የሚጣድበትን ትንሽ የብረት ምድጃ ታውቁታላችሁ? ከሰል ይጨመርበታል፣ ይራገባል፣ ከሰሉም ይቀላል። አንዳንድ ሰው ማንደጃ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ፈርኔሎ ይለዋል። ፈርኔሎ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ትርጉሙም «ትንሽ ምድጃ» እንደ ማለት ነው። የዳቦው የፉርኖ ዱቄትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ የቃል ቤተሰብ ነው።

አሁን ደግሞ በምድር ቤት ወይም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ በብርዱ ወራት ቤቱን የሚያሞቀውን ማሽን አስቡ። ስሙ ፈርነስ ነው። ይህ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ የላቲን ቃል ነው፤ ሥሩም ከፈርኔሎ ሥር ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ፈርኔሎና ፈርነስ የአጎት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ዝምድናቸው በስም ብቻ አይደለም። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። እሳት ሁለት ነገር ይሰጣል፦ ሙቀትና ጭስ። ሙቀቱን እንፈልገዋለን፤ ጭሱን አንፈልገውም። ታዲያ እንዴት እንለያያቸው?

በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ቤቶች የሚሞቁት በፈርነስ ነው። በአውሮፓ የምትኖሩ በአብዛኛው የምታውቁት ሙቅ ውሃ የሚዞርበትን ራዲያተር ነው። በገልፍ አገሮች ያላችሁ ደግሞ ከማሞቂያው ይልቅ ማቀዝቀዣውን ታውቁታላችሁ። ጥያቄው ግን እሳት ባለበት ቤት ሁሉ አለ። ብዙዎቻችሁም የቤታችሁ አስተርጓሚ ናችሁ። ጠጋኙ መጥቶ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ፣ ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ በአማርኛ የምትነግሩ እናንተ ናችሁ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ቀን ይረዳችኋል።

ጭስ የሌለው መርዝ

ከሰል የሚያያይዝ ሰው መጀመሪያ ውጭ ያያይዘዋል። ጭሱ እስኪያልቅና ከሰሉ እስኪቀላ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ቤት ያስገባዋል። ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስላል። ጭስ የለም ማለት ግን መርዝ የለም ማለት አይደለም።

ማንኛውም ነገር ሲነድድ ኦክስጅን ይፈልጋል። በቂ ኦክስጅን ካገኘ በዋናነት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በቂ ካላገኘ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሌላ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕምም የለውም። ቀስ ብሎ የሚቀላ ከሰል በብዛት ይሰጣል።

ደማችን ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በሚባል ነገር ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቀውም። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፤ አካሉ ግን ኦክስጅን እያጣ ነው። ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ከተኛ ላይነሳ ይችላል። በአገር ቤት «ከሰል አፍኖ ገደላቸው» ሲባል የምንሰማው ይህን ነው።

ቡና በረንዳ ላይ ወይም በሩ ክፍት በሆነ ክፍል ሲፈላ አየሩ ይገባል፣ ይወጣል። በብርድ አገር ያሉ ቤቶች ግን የሚሠሩት ነፋስ እንዳያስገቡ ተደርገው ነው። መስኮቱም በሩም ገጥሞ ይዘጋል። በአንዱ ቤት ያልጎዳ ከሰል በሌላው ቤት ሊገድል ይችላል።

አንድ ግድግዳ፣ ሁለት አየር

የፈርነስ ንድፍ ዋና ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ እሳቱ የሚነካው አየርና እኛ የምንተነፍሰው አየር ፈጽሞ አይገናኙም።

በፈርነሱ ውስጥ ጠመዝማዛ የብረት ቱቦዎች አሉ። ጋዙ በቱቦዎቹ አፍ ላይ ይነድዳል፤ ትኩሱ ጭስ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ በጭስ ማውጫ ወደ ውጭ ይወጣል። የቤቱ አየር ደግሞ በቱቦዎቹ ውጫዊ ገጽ ላይ እየነፈሰ ያልፋል። በሁለቱ አየሮች መካከል ያለው ስስ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ሙቀት በብረት ውስጥ ያልፋል፤ ጭስ ግን አያልፍም። ይህን ክፍል በአማርኛ ሙቀት አስተላላፊ ልንለው እንችላለን።

ግድግዳው ስስ ካልሆነ ሙቀቱ በደንብ አያልፍም። በጣም ከሳሳ ደግሞ እየጋለና እየቀዘቀዘ ሲኖር ሊሰነጠቅ ይችላል። ከተሰነጠቀ ሁለቱ አየሮች ሊገናኙ ይችላሉ። ጠጋኝ በየዓመቱ መጥቶ እንዲያይ የሚመከረውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ከስበት ወደ ማራገቢያ

በሙቅ አየር ቤት ማሞቅ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ሮማውያን ወለሉን በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ ያቆሙ ነበር። እሳቱን በአንድ በኩል አንድደው ትኩሱን ጭስ ከወለሉ ሥርና በግድግዳው ውስጥ ያሳልፉታል። ሰዎቹ የሚረግጡት ሙቅ ድንጋይ ነው፤ ጭሱ ግን አይነካቸውም። በኮሪያም ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ኦንዶል የሚባል የወለል ማሞቂያ አለ።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ቤቶች በምድር ቤታቸው ትልልቅ የከሰል ድንጋይ ፈርነሶች ነበሯቸው። ማራገቢያ አልነበራቸውም። ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይመለሳል። ወፋፍራም ቱቦዎች ከመሐሉ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚዘረጉ ሰዎች «ኦክቶፐስ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከቀለጠ ብረት ተቀርጸው ነበር። በ1895 እ.ኤ.አ. በአዮዋ ግዛት በማርሻልታውን ከተማ ዴቭ ሌኖክስ በሪቬት የተያያዘ የብረት ሉህ ፈርነስ ገበያ ላይ አዋለ። በኋላ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሲጨመር አየሩ ራሱ እስኪወጣ መጠበቅ ቀረ። ቱቦዎቹ ቀጠኑ፤ ፈርነሱም አነሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሴት አለች። አሊስ ፓርከር በኒው ጀርሲ ግዛት በሞሪስታውን ከተማ ትኖር ነበር። በታኅሣሥ 1919 እ.ኤ.አ. ለጋዝ ማሞቂያ ንድፏ የአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ መብት ሰጣት። በንድፏ ውስጥ በርካታ የጋዝ ማንደጃዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሙቀቱ በቱቦ ወደየክፍሉ ይሄዳል። አንዱን ክፍል አሙቆ ሌላውን መተው ይቻላል ማለት ነው። ዛሬ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ የሚያሞቁ ቤቶች የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ሐሳብ ነው።

የሚጠይቅ ማሽን

የእኔ ሥራ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በሥራችን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «ይህ ባይሠራስ?» የሚለው ነው። ፈርነስን የምወደው ለዚህ ነው፤ አንድም እርምጃ ሳይጠይቅ አይራመድም።

ቴርሞስታቱ «ቀዘቀዘ» ሲል ጋዝ ወዲያው አይከፈትም። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ትነሳለች፤ ሥራዋ የቆየውን ጋዝና ጭስ ከቱቦዎቹ ጠርጎ ማውጣት ነው። ቀጥሎ የግፊት መቆጣጠሪያው ይጠይቃል፦ «ጭስ ማውጫው ክፍት ነው? አየሩ እየወጣ ነው?» በረዶ ወይም የወፍ ጎጆ ዘግቶት ከሆነ መልሱ «አይደለም» ይሆናል፤ ማሽኑም እዚያው ይቆማል።

መልሱ «አዎ» ከሆነ ማቀጣጠያው ይግላል። ከዚያ በኋላ ብቻ ጋዙ ይከፈታል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ «እሳቱ በእርግጥ ተያይዟል?» የሚመልሰው አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። እሳት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ዘንጉ በነበልባሉ ውስጥ የሚያልፈውን እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለካል። ኤሌክትሪኩ ከሌለ እሳት የለም ማለት ነው፤ ጋዙ ወዲያው ይዘጋል።

ትልቁ ማራገቢያ የሚነሳው ከሁሉም በኋላ ነው። ቱቦዎቹ ሳይሞቁ ቢነሳ በቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ አየር ይነፍስ ነበር። ቤቱ ሲሞቅ ጋዙ ይዘጋል፤ ማራገቢያው ግን በብረቱ ውስጥ የቀረውን ሙቀት ለማውጣት ትንሽ ይቆያል። በመሐል ብረቱ ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ ሌላ መቆጣጠሪያ እሳቱን ያጠፋዋል።

ሕጉ አንድ ነው፦ ማሽኑ ከተጠራጠረ ይዘጋል። ቤት መቀዝቀዙ ያስቸግራል፤ ከአደጋ ግን ይሻላል።

ውሃ የሚያወጣ እሳት

የተፈጥሮ ጋዝ ሲነድድ ውሃም ይፈጠራል። ውሃው በእንፋሎት መልክ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በአሮጌ ፈርነሶች ጭሱ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደጋለ ይወጣ ነበር። ብዙ ሙቀት፣ ብዙም ገንዘብ፣ አብሮት ይወጣል። የድሮዎቹ ከነዳጁ ጉልበት ለቤቱ የሚሰጡት ከ56 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው።

አዳዲሶቹ ሁለተኛ ሙቀት አስተላላፊ አላቸው። ጭሱ እዚያ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይለወጣል። እንፋሎት ውሃ ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይለቃል። በዚህ መንገድ ከ90 እስከ 98 በመቶ የሚደርስ ጉልበት ለቤቱ ይቀራል። ከፈርነሱ ውሃ የምታወጣ ቀጭን ቱቦ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ጭሱም ስለቀዘቀዘ በፕላስቲክ ቱቦ ይወጣል። ውሃው ትንሽ አሲድ ስላለበት ሁለተኛው አስተላላፊ በአብዛኛው ከማይዝግ ብረት ይሠራል።

ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም

ፈርነስ የሚመረጠው ቤቱ በሚያጣው ሙቀት ልክ ነው። በደንብ የተሸፈነ ቤት ጋቢ እንደለበሰ ሰው ነው፤ ትንሽ እሳት ይበቃዋል። በአሜሪካ ባለሙያዎች ስሌቱን የሚሠሩት ማንዋል ጄ በሚባል ዘዴ ነው። መስኮቶቹን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የአካባቢውን ብርድ ይቆጥራሉ። ከልክ በላይ ትልቅ ፈርነስ ቤቱን ቶሎ አሙቆ ይጠፋል፤ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ብረቱ በየጊዜው እየጋለና እየቀዘቀዘ ይደክማል፤ የራቁት ክፍሎችም ሳይሞቁ ይቀራሉ። ባለሙያ ቤቱን ሳይለካ «ትልቁን ግዙ» ካለ ለወላጆቻችሁ «ስሌቱን ጠይቁት» በሏቸው።

በቤታችሁ ማድረግ የምትችሉት

ማጣሪያውን ተመልከቱ። ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈን አየር አያልፍም፤ ብረቱም ከልክ በላይ ይግላል። ብዙ ማጣሪያዎች ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይለወጣሉ።

የአየር መውጫና መመለሻ ቀዳዳዎችን በሶፋ ወይም በምንጣፍ አትዝጉ። ወደ ፈርነሱ የማይመለስ አየር ተመልሶ አይሞቅም።

በቤት ውጭ ያለውን የጭስ ማውጫ አፍ ከበረዶ አጽዱ።

በየፎቁና በመኝታ ክፍሎች አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይኑር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «ጋዝ ቢኖር ይሸተን ነበር» ይላል። የሚሸተው ያልነደደው ጋዝ ነው፤ እሱም ራሱ ሽታ የለውም፣ ሽታው የሚጨመርበት ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በኒው ለንደን ከተማ ሽታ የሌለው ጋዝ በአንድ ትምህርት ቤት ሥር ተጠራቅሞ ፈነዳ፤ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጋዝ ላይ ሽታ መጨመር ግዴታ ሆነ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን እሳቱ ራሱ የሚፈጥረው ስለሆነ ሽታ የሚጨምርበት የለም። የሚያውቀው መሣሪያው ብቻ ነው።

መሣሪያው ከጮኸ፣ ወይም የቤቱን ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው፣ ሁላችሁም ውጡ። ከውጭ ሆናችሁ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በአውሮፓ 112 ደውሉ። ዕቃ ለማምጣት አትመለሱ።

በመጨረሻም ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነድድም፤ ለሙቀትም፣ ለቡናም፣ ለጥብስም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። አያታችሁ «እኛ አገር ሁልጊዜ በከሰል ነበር የምናፈላው» ካሉ እውነታቸውን ነው። በአክብሮት እንዲህ በሏቸው፦ «እማማ፣ የዚህ አገር ቤት አየር አያስገባም። ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አለ።»

የዚህ ሳምንት ቃላት

ማንደጃ፦ ከሰል የሚነድድበት ዕቃ።
መቅላት፦ ቀይ መሆን፤ ከሰል ሲግል ይቀላል።
ነበልባል፦ ከሚነድድ ነገር ላይ የሚነሳው የእሳት ብርሃን።
እንፋሎት፦ ውሃ ሲሞቅ የሚሆነው ጋዝ።
ማጣሪያ፦ አቧራን ይዞ አየርን የሚያሳልፍ ነገር።
ማፈን፦ አየር መከልከል።

ከቤተሰብ ጋር

1. በቤታችሁ ያለው ማሞቂያ ምን ዓይነት ነው? ጭሱ የሚወጣው በየት በኩል ነው?
2. የማስጠንቀቂያ መሣሪያው የት ነው ያለው? ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውንም ቀን አንብቡ።
3. ወላጆቻችሁ ልጅ ሳሉ በብርድ ጊዜ ቤታቸውን በምን ያሞቁ እንደነበር ጠይቋቸው። እናንተም ፈርነስ እንዴት እንደሚሠራ በአማርኛ አስረዷቸው።