ተጨማሪ መረጃ፦ የሎሚ ዛፏ ቢራቢሮ

ጓሯችሁ ውስጥ የሎሚ ወይም የብርቱካን ዛፍ ካለ ይህችን ቢራቢሮ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ነው። ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ፈሷል፤ ስትዘረጋው ከ10 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል።

ዝናብ ዘንቦ ዛፉ ሲያቆጠቁጥ ለጋ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ነው፤ ድቡልቡል፣ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ የስፒል ራስ የምታክል። የሚፈለፈለው አባጨጓሬ መጀመሪያ ላይ ቁርጥ የወፍ ኩስ ይመስላል! ሊበላው የመጣ ወፍም በዚህ ይታለላል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ በሣር ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኩት፤ ከራሱ ኋላ መንታ ቀንድ የመሰለ ብርቱካናማ ነገር ብቅ አድርጎ መጥፎ ሽታ ይለቃል። ቀንዱ ወዲያው ተመልሶ ስለሚገባ ፎቶ ለማንሳት ስልካችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ቢራቢሮዋን ፎቶ ማንሳት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አበባ ስትቀስም እንኳ ክንፏን ማርገብገብ ስለማትተው ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ በማለዳ ውጡ፤ ብርዱ ሳይለቃት ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ታገኟታላችሁ። ጥላችሁ ካረፈባት ትበራለችና ከጎን ቅረቡ።

አባጨጓሬዎቹ ከቅጠሉ ላይ ሲጠፉ ደግሞ ቅርንጫፎቹን ፈትሹ። በቀጭን ክር ወገቡን ታስሮ፣ እንደ አካባቢው አረንጓዴ ወይም ቡናማ መስሎ የተቀመጠው ነገር ቅጠል ሳይሆን መልኩን የለወጠው አባጨጓሬ ነው፤ ውስጡ ክንፍ እየተሠራ ነው። በየሁለት ቀኑ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቀኑንም ጻፉ።