አማካዩ የማያሳየን ቤተሰብ፦ ስለ ቁጥር ሥራ በፕሮጀክት ዝግጅት

ባሕረ ሐሳብ የተማረ አባት ሒሳብ እንግዳው አይደለም። የ2017 ዓ.ም. አበቅቴን ሲፈልግ 5500ን ከ2017 ደምሮ 7517 ይላል፤ በ19 ሲገድፈው 12 ይተርፋል፤ አንዱን ስለ ዘመኑ ቀንሶ ወንበሩን 11 ያደርጋል፤ 11ን በ11 አባዝቶ 121 ያገኛል፤ ይህን በ30 ሲገድፍ አበቅቴው 1 ይሆናል። ከየሰበካ ጉባኤው በሚደርሱን የፕሮጀክት ጥያቄዎችም የምንሻው ይህንኑ የመሰለ፣ እያንዳንዱ ደረጃ የሚታይበት ስሌት ነው።

በከሚሴ ዙሪያ የውኃ ችግር ከቤት ቤት ይለያያል፤ በጨፋ ሜዳ ከቦርከና ወንዝ አጠገብ ያለ ቤትና በተራራው ወገብ ላይ ያለ ቤት ድካማቸው አንድ አይደለም። ለማስረዳት ያህል ያዘጋጀነውን ምሳሌ እንመልከት። ሰባት ቤተሰቦች ውኃ ቀድተው ለመመለስ 10፣ 20፣ 15፣ 120፣ 10፣ 20 እና 15 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል እንበል። ድምሩ 210 ነው፤ ለ7 ሲካፈል አማካዩ 30 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መሠረታዊ የውኃ አገልግሎት የሚሉት፣ ከተሻሻለ ምንጭ ተቀድቶ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ የማይበልጠውን ነው። ምንጩ የተሻሻለ ከሆነ፣ አማካዩን ብቻ ያየ መርማሪ «እነዚህስ ችግር የለባቸውም» ብሎ ወረቀቱን ይመልሳል። ነገር ግን ከሰባቱ 30 ደቂቃ የሚፈጅበት አንድ ቤት ስንኳ የለም።

ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ብንደረድራቸው 10፣ 10፣ 15፣ 15፣ 20፣ 20፣ 120 ይሆናሉ። በመካከል ያለው አራተኛው ቁጥር 15 ነው፤ ይህም መካከለኛው ወይም ሚዲያን ይባላል። የብዙዎቹን ኑሮ ከአማካዩ ይልቅ በትክክል ይገልጣል፤ ሁለት ሰዓት የምትደክመውን እናት ግን ፈጽሞ ይሸሽጋታል። ስለዚህ አማካዩን፣ መካከለኛውንና ትልቁን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፤ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅባቸው ቤቶች ስንት እንደሆኑም ጨምሩ። በምሳሌያችን ከሰባት አንድ ነው።

የተጠየቀው ማን እንደሆነም ውጤቱን ይለውጠዋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን 457,278 ነዋሪ ነበረው፤ አብዛኛውም ሙስሊም ነው። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የቆሙትን ብቻ ጠይቆ «የቀበሌው ችግር» ብሎ መጻፍ እውነትን ያዛባል፤ ውኃው የሚቀዳው ለሁሉም ነውና።

ቀበሌው የ140 አባወራዎች ዝርዝር ቢኖረውና 20 ቤት መጠየቅ ብንፈልግ፣ የማናውቀውን ርቀት «ሀ» እንበለው። 20 × ሀ = 140፤ ሁለቱን ወገን ለ20 ብናካፍል ሀ = 7 ይሆናል። እንግዲህ ከ1 እስከ 7 ባሉት ቁጥሮች ዕጣ ይጣል (ዕጣ ማጣጣል በሐዋርያት ዘንድም የታወቀ ነው)። ዕጣው 4 ቢወጣ 4ኛው፣ 11ኛው፣ 18ኛው እያልን በየሰባቱ እስከ 137ኛው እንጠይቃለን። ቤቱ ተዘግቶ ቢገኝ ሌላ ቀን መመለስ እንጂ ጎረቤትን መተካት አይገባም፤ ውኃ ፍለጋ ርቃ የሄደችው ምናልባት የዚያ ቤት እናት ናትና።