ባረጀች ድመት ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት

እንደሚታወቀው ብዙዎቻችን ድመት የምናሳድገው ራሽናችንን ከአይጥ እንድትጠብቅልን ነው። ዕድሜዋ ሲገፋ ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። ይህ ግን ትክክል አይደለም።

ድመት አብዛኛውን ጊዜ 8 ጡቶች አሏት። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። የምታጠባ ድመት ጡቷ ቀልቶና ሞቆ ቢያብጥ አመርቅዞ ሊሆን ይችላል። የወጣት ወይም የእርጉዝ ድመት ጡቶችም በሆርሞን ምክንያት ሊያብጡ ይችላሉ። ዕድሜዋ 10 ዓመት ገደማ በሆናት ድመት ላይ የሚወጣ ደረቅ እብጠት ግን ያሰጋል። በድመት ጡት ላይ ከሚወጡ 10 ዕጢዎች 8 ወይም 9 ያህሉ ካንሰር ናቸው። በሽታው ወደ ንፍፊት፣ ወደ ሳምባና ወደ ጉበት ይዛመታል። ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

የእብጠቱ መጠን ወሳኝ ነው። ከ2 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት ለዓመታት ልትኖር ትችላለች። ከ3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ግን ብዙዎቹ ከሕክምናው በኋላም የሚቆዩት ለወራት ነው። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው እብጠቱ እንደታየ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል። ሐኪሙ ይዳስሳታል፤ ሳምባዋን በራጅ ያያል፤ ከዕጢው የተወሰደው ናሙናም በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ካንሰር ከሆነ በአንድ ጎን ያሉት ጡቶች በሙሉ ይወገዳሉ።

ከመወሰናችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፦

1. በሽታው ወደ ሳምባዋ ተዛምቷል ወይ?
2. እንደ ኩላሊት ያለ ሌላ ሕመም አለባት ወይ?
3. ወጪውንና ማስታመሙን እንችላለን ወይ?

ሳምባዋ ከተነካ ቀዶ ሕክምናው አያድናትም። ያን ጊዜ ቁስሏን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ማብላትና ማጠጣት ይበቃል፤ ይህን ማድረግ ድመቷን መጣል አይደለም። መብላት ካቆመችና ትንፋሽ ካጠራት ሐኪሙ ሳትሰቃይ እንዲያሳርፋት መጠየቅ ይቻላል።

እብጠቱን በቤት ውስጥ መቁረጥ ወይም መተኮስ ክልክል ነው። ለሰው የሚታዘዘው ፓራሲታሞልም ድመትን ይገድላል።

ለወጣት ድመቶች መከላከያ አለ። አንድ ዓመት ሳይሞላት በሐኪም የመከነች ድመት በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሏ እጅግ ይቀንሳል።