ያውቁ ኖሯል? ሳይተከል የበቀለ ደን

በምዕራብ አፍሪካዋ ኒጀር ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚጠጋ የእርሻ መሬት ላይ ዛፍ ተመልሶ መብቀሉን፣ ለዚህም በአብዛኛው ችግኝ እንዳልተተከለ ያውቁ ኖሯል?

ዛፎቹ የበቀሉት ተቆርጠው ከቀሩ ጉቶዎች ነው። የሞተ የሚመስለው ጉቶ ሥሩ ከአፈሩ በታች ሕያው ነው፤ ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። ቀድሞ ገበሬው ማሳውን ሲመነጥር ቡቃያውን አብሮ ይጨፈጭፈው፣ የተረፈውንም ከብት ይበላው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ጠንካራ ቀንበጦችን መርጦ እያስቀረ ሌላውን መግረዝ ያዘ። ዛፍ ሁሉ የመንግሥት ነው የሚለው አሠራር መላላቱም ልቡን አሳረፈው፤ የራሱ ያልሆነውን ማን ይንከባከባል!

አገሪቱን ድርቅ ከመታበት ዘመን በኋላ ዝናቡ በመጠኑ መሻሻሉ በእርግጥ ረድቷል። ሆኖም ተመሳሳይ ዝናብ በሚያገኘው፣ ከድንበሩ ማዶ ባለው የሰሜን ናይጄሪያ ምድር ዛፉ ያን ያህል አልበዛም።

ዛፉ ሰብሉን ይጋርዳል እንዳይባል፣ በኒጀሯ ዚንደር ማሳዎች የሚበዛው የግራር ዓይነት በዝናቡ ወራት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ማሽላውን ከፀሐይ አይጋርድም።

ይኸው የጉቶ ቀንበጥን የመንከባከብ ዘዴ በአገራችንም በወላይታ፣ በሁምቦ ተራሮች ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ መሬት ዳግም ደን እንዲለብስ አድርጓል።