ዙፋን ሲነሣ የቀረ ደብር

ደብረ ታቦር በታሪክ መጻሕፍት የምትነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከጦርና ከዙፋን ጋር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ ቆረቆሯት፤ ራስ ዓሊ መናገሻ አደረጓት፤ በ1834 ዓ.ም. ከደጃዝማች ውቤ ጋር ተዋጉባት፤ ዐፄ ቴዎድሮስም አጠገቧ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። በዚህ የተነሣ ሠራዊት ሲያርፍባት የምትደምቅ፣ ሲነሣ የምትፈርስ ሰፈር አድርገው የሚያይዋት አሉ። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈርን ስለሚያስታውስ ነገሩ ውኃ የሚያነሣ ይመስላል። እኔ ግን ደብረ ታቦርን ያቆማት ስሟን የሰጣት ደብር፣ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ነው እላለሁ።

ማስረጃዬ እሳቱ ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማዋን አቃጥለው፣ መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ተራ ሰፈር ብትሆን ታሪኳ እዚያው ባበቃ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1872 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የግብፁን መልእክተኛ ጎርደንን የተቀበሉት ግን እዚችው ደብረ ታቦር ላይ ነው። ንጉሡን የሳባቸው አቀማመጧ ነው የሚል ይኖራል፤ ምንጯ ብዙ፣ ከፍታዋ 2,700 ሜትር ገደማ፣ በስተምሥራቋ የጉና ተራራ። እውነት ነው። ሆኖም ጥሩ ቦታ ንጉሥ ያመጣል እንጂ ንጉሡ ሲሄድ ሕዝብ አያቆይም። ካህኑን፣ ተማሪውን፣ ለንግሥ የሚወጣውን ገበሬ የሚያቆየው ታቦት ነው። የእንግሊዟ ዊንቸስተርም እንዲሁ ናት፤ የነገሥታቱ መቀመጫነት ወደ ለንደን ሲያልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1079 መሠረቱ የተጣለው ካቴድራል ከተማዋን ይዞ ቀረ።

«የቤተ ክርስቲያን ከተማስ ጎንደር ናት፤ ደብረ ታቦር የእርሷ ጥላ ናት» ለሚለውም መልሱ ያለው ከማኅሌቱ ነው። አቋቋም ድጓውን በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ እያሸበሸቡ የሚያደርሱበት ጥበብ ነው። ከስልቶቹ የጎንደሩ ታች ቤት ሲባል፣ ላይ ቤት የተባለው የሚታወቀው በደብረ ታቦር ስም ነው። ጥላ የራሱ ዜማ አይኖረውም። ላይ ቤት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃልና በእግር ስለሚተላለፍ፣ ሣር ክዳኑን ያነደደ እሳት ሊደርስበት አልቻለም።

ጋፋትን ለማየት ደብረ ታቦር የምትሄዱ ሁሉ፣ ከተቻላችሁ ጉዟችሁን ለነሐሴ 13፣ ለደብረ ታቦር በዓል፣ አድርጉት፤ ሌሊቱንም ደብሩ ወዳለበት ኮረብታ ወጥታችሁ በኢየሱስ ማኅሌት ቁሙ።